ቴክሳስ ላይ «እኔን!» ያስባለችን ልጅ

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2008 መጨረሻ፣ ታንክስጊቪንግ የሚሉት የኅዳር በዓላቸው ሊደርስ ሲል ነው። ዳላስ አካባቢ ስኖር ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያን ቀን ያፈርኩበትም የፈነደቅኩበትም ቀን ግን የለም። ባለቤቴ ፋጡማ «አሁንስ ተወው፣ ሰው ሰለቸው» ብትለኝም እንግዳ በመጣ ቁጥር ሳላወራው አላድርም።

መጀመሪያ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናዘዝ። የደሴ ልጅ ነኝ፣ የምወደው ስፖርት ደግሞ የበረዶ ሸርተቴ ዝላይ ነው። እንዴት ተገናኛችሁ አትበሉኝ። አሜሪካ እንደገባሁ ዳላስ አጠገብ ሌዊስቪል፣ አንድ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ማለቴ ነው፣ ውስጥ ሥራ ጀመርኩ፤ የዕረፍት ቀኔ ሰኞ ነበር፣ ሰኞ ረፋድ ላይ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ሌላ የሚያሳየው ነገር አልነበረውም። ሰዎቹ ከላይ ይለቀቁና መንሸራተቻው ጫፍ ላይ ሲደርሱ ተስፈንጥረው፣ ደረታቸውን ለንፋሱ ሰጥተው እንደ ጭልፊት ይንሳፈፋሉ። አንድ ቀን አየሁ፣ በቃ ተለከፍኩ።

ታክሲ የሚነዳው ጓደኛዬ ሰይድ መሳቂያ አደረገኝ። «ሶ፣ ኳስ ትተህ በረዶ? ማለቴ፣ አንተ በረዶ የምታውቀው ቆርቆሮ ሲደበድብ አይደል እንዴ!» ይለኛል። እኔም ምን ልበለው፣ እውነቱን ነው።

ዌርሃውሱ ውስጥ አብራኝ ዕቃ የምታሽግ ዴብራ የምትባል ሴት ነበረች። የዝላይ ፍቅሬን ስታውቅ ሳቋ መጣ፤ ቆይታ ግን ልጇ ኬቲ ዘላይ መሆኗን ነገረችኝ። ኬቲ የምትኖረው ከአባቷ ጋር ዩታ ነው። ባለፈው ዓመት ስትዘል ወድቃ እግሯ ተሰብሮ ነበር። አሁን ድና ልትወዳደር ነው፣ ያውም እዚሁ ዳላስ። አንድ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ላይ ትልቅ የብረት ርብራብ ተተክሎ፣ በማሽን የተፈጨ በረዶ ይፈስበታል ተባለ።

«ዳግመኛ ከወደቀች ዝላይ ልትተው ተስማምተናል» አለችኝ ዴብራ። «ብትተወው ደግሞ ምን እንደምትሆን አላውቅም፤ ሌላ የምትወደው ነገር የላትም። እኔ እናቷ አንድም ቀን ስትዘል አይቻት አላውቅም፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ። አንተ እያየህ ትነግረኛለህ?»

እኔን እንዲህ ያለ ነገር ይለምኑኛል? በደስታ ልበር ምንም አልቀረኝ።

አንድ ነገር ብቻ ነበር። አማቴ እትዬ ዘይነባ ከደሴ መጥተው ወር እንኳ አልሆናቸውም፤ ፋጡማ ደግሞ በዚያን ቀን ኤርፖርት ሺፍት አላት። እሳቸውን ብቻቸውን ቤት ዘግቼባቸው መሄድ አይሆንልኝም። ስለዚህ ይዣቸው ሄድኩ። በረዶ ያለበት ቦታ ነው ስላልኳቸው ካልሲ በካልሲ ላይ አድርገው፣ ጋቢ ደርበው ወጡ። እኔም ወፍራም ጃኬት፣ የሱፍ ኮፍያና ጓንት አድርጌያለሁ።

ስንደርስ ሕዝቡ በቁምጣና በካናቴራ ሆኖ አይስክሬም ይልሳል። ፀሐዩ ያቃጥላል። ነጭ የሆነው ርብራቡ ብቻ ነው፣ እሱም ከጎንና ከጎኑ ውሃ ያንጠባጥባል።

«ሙሄ፣ ብርዱ የታለ?» አሉኝ እትዬ።

«ይመጣል እትዬ» አልኳቸው፣ ላቤን በጓንቴ እየጠረግሁ።

ዴብራ ቦታ ይዛልን ነበር። ጀርባዋን ለመንሸራተቻው ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ እኛ አዙራ ተቀምጣለች። ከኋላችን ባርኔጣ ያጠለቁ ጎረምሶች ተደርድረዋል። የመጀመሪያው ዘላይ ተለቀቀ። በቴሌቪዥን ያየሁት ሁሉ ድምፅ እንዳለው ያወቅሁት ያኔ ነው። ሸርተቴው በረዶውን ሲፍቀው ይሰማል!

ልጁ ጫፉ ላይ ደርሶ ወደ አየር ሲወጣ፣ እትዬ ዘይነባ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ደረታቸውን ያዙና፣

«እኔን!» አሉ፣ ባለ በሌለ ድምፃቸው።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ልጁ በሰላም አረፈ። «ተረፈ! አልሐምዱሊላህ!» ብለው ተቀመጡ።

«እትዬ፣ እየወደቀ አይደለም እኮ፤ እየዘለለ ነው።»

«ከሰማይ ወደ መሬት የሚመጣ ሰው ካልወደቀ ምን ይባላል?» አሉኝ።

ሁለተኛው ዘለለ፣ «እኔን!» ሦስተኛው፣ «እኔን!» ኮፍያዬን እስከ ዓይኔ ድረስ ሳብኩት። ይሄ ሁሉ ዓመት በሕልሜ ሳየው የኖርኩት ውድድር ላይ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አራተኛው ሲነሳ ግን ከእትዬ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። ከኋላችን ያሉት ባለ ባርኔጣዎች ብድግ ብለው በአንድነት «ኢኔን!» አሉ። ድጋፍ መስሏቸዋል። አምስተኛው ላይ ረድፋችን በሙሉ፣ ከዚያ ማዶ ያለው ወገን ጭምር። ማይክራፎን የያዘው ሰውዬ «ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ቀጥሉበት!» አለ። እትዬ ዞር ብለው አዩና፣

«አየህ፣ ደጋግ ሰዎች ናቸው» አሉኝ።

እኔ ከዚያ በኋላ ማፈሩን ተውኩት። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ እንባዬ ይወርዳል።

የኬቲ ተራ ደረሰ። ሳቄ ቀጥ አለ። ልጅቱ ገና ስትነሳ ዘንበል አለች፣ አጭር ዘለለች፣ ስታርፍ እጇ በረዶውን ለመንካት ትንሽ ቀረው።

«ወደቀች?» አለችኝ ዴብራ፣ ፊቷን በሁለት እጇ እንደሸፈነች።

«አልወደቀችም። ግን ፈርታለች።»

ሁለተኛው ዙር ይቀራል። በዕረፍቱ ሰዓት ዴብራ ሕዝቡ የሚጮኸው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። «እኛ አገር ሰው ሲደናቀፍ ወይም ሲወድቅ ያየ ሁሉ የሚለው ነው» አልኳት። «በሱ ፈንታ እኔን ይድፋኝ፣ እኔን ያግኘኝ ማለት ነው። ለማናውቀው ሰውም እንላለን።»

የዴብራ ዓይን እንባ ሞላ።

«ከልጅነቷ ጀምሮ ዓይኔን ጨፍኜ የምለው እኮ ይሄንኑ ነው» አለች። «ቃል እንዳለው አላወቅሁም።»

ለእትዬ ተረጎምኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና የዴብራን እጅ ያዙ።

«ዓይን ተጨፍኖማ እኔን አይባልም በላት። እያዩ ነው የሚባለው።»

ነገርኳት። የኬቲ ስም ሲጠራ ዴብራ ቀስ ብላ ተነስታ ወደ መንሸራተቻው ዞረች። «አብሽሪ!» አሏት እትዬ፣ ይግባት አይግባት ሳይጨነቁ።

ኬቲ ተለቀቀች። ሸርተቴው በረዶውን ሲፍቅ ሰማሁ። ጫፉ ላይ ስትደርስ መኪና ማቆሚያው በሙሉ «ኢኔን!» አለ፤ ከሁሉም በላይ የተሰማው የዴብራ ድምፅ ነው። ልጅቱ ደረቷን ሰጥታ ተንሳፈፈች፣ ተንሳፈፈች፣ የምታርፍም አልመስልህ አለኝ። ከዚያ አንድ እግሯን ቀደም፣ ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ፣ እኛ የዝላይ ወዳጆች እንደምንሞትለት አድርጋ አረፈች።

ዴብራ ዓይኗን አልጨፈነችም። እኔ ኮፍያዬን ወደ ሰማይ ወረወርኩ፣ እስከ ዛሬ አልተገኘም። እትዬ እልልታቸውን አቀለጡት፤ ባለ ባርኔጣዎቹ እሱንም ሊሞክሩ ፈልገው ሳል በሳል ሆኑ።

ኬቲ አላሸነፈችም፣ አራተኛ ነው የወጣችው። ግን እየሮጠች መጥታ እናቷ ላይ ተጠመጠመች። «ማሚ፣ እያየሽኝ ነበር! ከላይ ሆኜ አየሁሽ!» አለቻት። ቆይታ «ሁላችሁም ስትጮኹ የነበረው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋን ለእትዬ አደረስኩላቸው።

«እኛ ወደቅንላት በላት» አሉ፣ ላብ ያራሰውን ጋቢያቸውን እያራገቡ። «ታዲያ እሷ በምን ትወድቃለች?»

ኬቲ ዝላይ አልተወችም። ሰይድም ታሪኩን ከሰማ በኋላ «ኦኬ፣ ሲደገም ኮል አድርግልኝ» ብሎኛል፤ ይኸው እስካሁን አልተደገመም። እኔ መሬት ትዋጠኝ ያልኩበትን ቀን አሁን ሳስበው ብቻዬን መኪና ውስጥ እስቃለሁ፤ አማቴን በዚያን ቀን ቤት ትቼ ብሄድ ኖሮ ምን ይቀርብኝ እንደነበር ሳስብ ደግሞ ድንግጥ እላለሁ።

ሰሞኑን የራሴ ልጅ ደጃፋችን ላይ ሳይክል መንዳት ትለማመዳለች። ሳይክሉ በተንገዳገደ ቁጥር ዓይኔን ልጨፍን ይቃጣኛል። አልጨፍንም። አፍጥጬ እያየሁ «እኔን!» እላለሁ። አጥር ማዶ ያለው ሜክሲኳዊው ጎረቤቴም የአትክልት ውሃ ማጠጫውን እንደያዘ ቀና ብሎ «ኢኔን!» ይላል።