እናቱን ያመጣው ዘፋኝ

ሞንታርቦ የጫነ ባጃጅ ቦንጋ ባለው ቤታችን ደጃፍ ባለፈ ቁጥር፣ ያ የሚያስተጋባ ድምፅ ሺሺንዳ አጠገብ ወዳለው የልጅነት ቤቴ ይመልሰኛል።

ክረምት ሲገባ የእማዬ ዓይን ይብስባት ነበር። ትራኮማ የዓይኗን ቆብ ወደ ውስጥ አጥፎት ሽፋሽፍቷ ብሌኗን ይወጋት ስለነበር፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ደጃፍ ላይ ጭኔን ተንተርሳ ትጋደምና፣ እኔ በወረንጦ እየለቀምኩ እነቅልላት ነበር። የነቀልኩት ግን ይበልጥ ጠንክሮ ይበቅላል። የጤና ሠራተኞች በቀላል ቀዶ ጥገና እንደምትድን ቢነግሯትም፣ «ዓይኔን በምላጭ? የቀረችኝን ብርሃን ላጥፋ?» እያለች ትመልሳቸው ነበር።

ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ሲጠነክር፣ የደካ ተወላጅ የሆነ ስመ ጥር ዘፋኝ ስለ ዓይን ሕክምና ሊናገር ወደ ሺሺንዳ ገበያ እንደሚመጣ በሞንታርቦ ተለፈፈ። አባቴ ጴንጤ ስለነበር በቤቱ ዘፈን አያሰማም።

«ከዘፋኝ አፍ ምክር አንሰማም» አለ።

«እኔ ቆጮ ልሸጥ ነው የምሄደው» አለች እማዬ፣ እጄን ይዛ እየወጣች።

ሕዝቡ ዘፈን ጠብቆ ነበር። ዘፋኙ ግን አሮጊት እናቱን ከመኪና ደግፎ አውርዶ በርጩማ ላይ አስቀመጣትና፣ በቋንቋችን በካፊኖኖ «እሷን ጠይቋት» ብሎ ወደ ኋላ ቆመ። ሴቶቹ ከበቧት፤ ቀዶ ጥገና የተደረገለትን የዓይኗን ቆብ በጣታቸው ዳሰሱት።

«አላመመሽም?» አለቻት እማዬ።

«ልጄ ዘፈኔን ስሚ እያለ ከሚያሰቃየኝ አይብስም።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ዘፋኙም አንገቱን ደፍቶ ሳቀ።

ቤት ስንገባ አባቴ «ምን ዘፈነ?» ብሎ ጠየቀ።

«አልዘፈነም፤ እናቱን አመጣ» አለች እማዬ።

አባቴም ወደ እኔ ዞሮ «በቅሎዋን ሣር አብላት፤ ነገ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን» አለኝ። ከዚያም በኋላ ዘፋኞችን መንቀፉን አልተወም፤ ስለዚያ ሰው ግን ክፉ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ፋሻው ሲፈታላት እማዬ እኔን ትኩር ብላ አየችና «ሸሚዝህ ቆሽሿል» አለችኝ። በበጋው የምስሩን ጠጠር ራሷ ትለቅም ጀመር፤ ወረንጦውም እሾህ ማውጫ ሆነ። እኔም ነፃ በወጡት እሑዶቼ ማንበብን ለብቻዬ ተማርኩ።

ዛሬ አባት ነኝ፣ ልጆቼንም አጥብቄ ነው የማሳድገው። ዝና ለሌላ ሰው ካልጠቀመ ባዶ ጩኸት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ በቀደም ልጄ አንድ ታዋቂ ተዋናይ ሰዎች ደም እንዲለግሱ ሲማጸን በስልኳ ስታሳየኝ፣ «ተዋናይ አይደል? ማስመሰል ሥራው ነው» አልኳት።

«እስቲ አምጪልኝ» አለች እማዬ ከተቀመጠችበት። ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠግታ ደጋግማ አየችው። «የራሱን ክንድ ነው የዘረጋው» አለች።

ቅዳሜ ከልጄ ጋር ሄጄ ክንዴን ዘረጋሁ። ያኔ ጥሪው በመኪና ተጭኖ በኮረኮንች መንገድ እየተንገጫገጨ ይደርሰን ነበር፤ አሁን ቤታችን ድረስ መዳፍ ውስጥ ይገባል። መንገዱ አጥሯል፤ እማዬ ግን ጠሪው ራሱ ምን እንዳመጣ ዛሬም ታያለች፣ ያውም በራሷ ዓይን።