በጸሎት መሀል ዓይኔን ስገልጥ

አራተኛ ልጄን ያረገዝኩት በአርባ አንድ ዓመቴ ነው። ሐኪሙ ዕድሜዬን አይቶ፣ «ደምዎ ውጭ አገር ተልኮ ቢመረመር ጥሩ ነው። ልጁ ዳውን ሲንድሮም ሊኖረው ይችል እንደሆነ ይጠቁመናል» አለኝ። ባለቤቴ ሁለት ቀን ሲያስብ ቆይቶ «አንቺ እንዳልሽ» አለ። ልጁን እንደምወልደው ጥርጥር አልነበረኝም። ሳልዘጋጅ እንዳልቀበለው ግን ፈራሁ። ደሜን ሰጠሁ።

ስህተቴ ለጸሎት ቡድናችን መናገሬ ነው። ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ጉርድ ሾላ፣ መሪያችን ቤት እንሰበሰባለን። መሪያችን ስድሳ ያለፋቸው፣ ሲጸልዩ የላይኛው ፎቅ ጎረቤት «አሜን» የሚልላቸው ሴት ናቸው።

«እግዚአብሔር የሠራውን ላብራቶሪ ሊያርም ነው?» አሉ።

ባንክ የምትሠራው እህት፣ «እትዬ፣ ማወቅ ኃጢአት ነው እንዴ?» አለቻቸው።

«አለማመን ነው።»

«ታዲያ እርስዎ በየጠዋቱ ስኳርዎን ለምን ይለካሉ?»

«ስኳርና ልጅ አንድ ነው?»

ቡቲክ ያላት እህት ደግሞ፣ «እኔ ብሆን አላደርገውም። ሲወለድ አየዋለሁ» አለች።

«አንቺ ነሽ የምታዪው? ወንድ ነው ሴት ብለሽ አራቴ አልትራሳውንድ የተነሣሽው!» አለቻት ባንክ የምትሠራዋ።

«እሱ ለልብሱ ቀለም ነው!»

እኔ ለሁሉም ራሴን ነቀነቅኩ። እያንዳንዷም ከእሷ ጋር የተስማማሁ መሰላት።

ውጤቱ በመጣ ቀን ክሊኒኩ በር ላይ ፖስታውን ልከፍት ብል እጄ እምቢ አለኝ። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ከትቼው ወደ ጸሎት ሄድኩ።

መሪያችን ፖስታውን ተቀበሉኝ። «ምርመራውን አልደገፍኩም። ወረቀቱ ላይ ግን ይጸለይበታል» አሉ።

ዓይናችንን ጨፈንን። ድምፃቸው ቤቱን ሞላው። ትንሽ ቆይቶ ግን ያ ድምፅ እየራቀ ሄዶ ከመስኮቱ በኩል ይመጣ ጀመር። አንድ ዓይኔን ገለጥኩ። መሪያችን ጸሎቱን ሳያቋርጡ ፖስታውን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው አንገታቸውን አስግገዋል። ዞር ሲሉ ተያየን።

«አሜን!» አሉ፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ።

«ምን ይላል?» አልኳቸው።

«መነጽሬን አላደረግኩም።»

ሳቄ አመለጠኝ። እጄም በዚያው ተፈታ፤ ፖስታውን ቀደድኩት። ልጁ ዳውን ሲንድሮም ሊኖረው የሚችልበት ዕድል ከፍተኛ ነው ይላል። አነበብኩላቸው። መሪያችን መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፣ እጄንም ያዙኝ።

«አወቅን እንግዲህ» አሉ፤ እንደዚያ በዝግታ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። «እንዘጋጃ።»

በሳምንቱ እንዲህ ያለ ልጅ የምታሳድግ እናት ፈልገው አገናኙኝ። ምርመራውን ስለማድረጌ ዳግመኛ አልወቀሱኝም። ቡቲክ ያላት እህት ቢጫ ልብስ አመጣች።

ልጄ አሁን አራት ዓመቱ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ረቡዕን የሚወድ እንደሱ ያለ የለም። ዓይናችንን ስንጨፍን ከአንዷ ወደ ሌላዋ እየዞረ ፊታችንን ይመረምራል። መሪያችን ዘንድ ሲደርስ ቆሞ በሳቅ ይፈርሳል፤ እሳቸው ደግሞ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም እንዲል ይለምኑታል።

ይህን በምን አየሽው አትበሉኝ።