አንዲቷ ባቄላ

ጠጠር ከጠጠር ሲጋጭ የሚያሰማው ደረቅ ድምፅ ሰሞኑን ተመልሶ መጣብኝ። የመጣው ከመጨረሻዋ ልጄ ከሀያት ታብሌት ውስጥ ነው። አክስቷ ከጂዳ በላከችላት ታብሌት ላይ አንድ ጨዋታ አለ፤ ሀያት አንዲት ትንሽ ሮቦት ቤቷ እንድትገባ ቀስቶችን በተርታ ትደረድርና አንዴ ነካ ስታደርገው፣ ሮቦቷ የተደረደረላትን ሳትጨምር ሳትቀንስ ትፈጽማለች፣ ትዕዛዙ ከተሳሳተም ዓይኗ እያየ ገደል ትገባለች። እያንዳንዱ ቀስት ቦታውን ሲይዝ «ቀጭ» ይላል። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበርና ማልቀሴን ማንም ልብ አላለው። ይህን ጨዋታ እኔ የማውቀው ሀያት ሳትወለድ፣ ታብሌት የሚባል ነገር ስሙም ሳይሰማ ነው። በደርግ ጊዜ፣ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ከውኃው አጠገብ ባለው ግቢያችን፣ ወንድሜ ይማም በጠጠር፣ በገልና በአንዲት ባቄላ ሠርቶልኝ ተጫውቼዋለሁ።

የጀመርነው በክረምት ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ከአምባሰል ተራሮች የሚወርደው ጉም ሐይቁን ሸፍኖት ይውል ነበር። አባታችን ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል፤ እናቴ ስፌት እየሰፋች ገበያ ታወጣ ነበር፣ ይማም በአሥራ ስድስት ዓመቱ እርሻውንም ትምህርቱንም ይዞ ደፋ ቀና ይል ነበር፣ እኔ ዘይነባ ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ እንደ ጥላው እከተለው ነበር። ትምህርት ሊዘጋ ሲል የሒሳብ አስተማሪያቸው ስለ ኮምፒዩተር አውርቶላቸው ኖሮ፣ ይማም ነገሩ ከአእምሮው አልወጣ ብሎት ሰነበተ።

«ያስባል የሚሉት ውሸት ነው» አለኝ አንድ ቀን ከበራፉ ሥር ዝናቡን ተጠልለን። «ወላሂ አያስብም። የታዘዘውን ብቻ ነው የሚሠራው፤ ገደል ግባ ካልሽው ገደል ይገባል።»

«ታዲያ ሞኝ ነዋ!»

«ሞኝስ አይደለም፣ ታዛዥ ነው። ሞኙ አስተካክሎ ያላዘዘው ሰው ነው።»

ዝናቡ አባርቶ መሬቱ ጠንከር ሲል ግቢውን በዐመድ ስምንት በስምንት አድርጎ ሣጥን ሣጥን አሰመረው። ነጭ ጠጠር አንድ እርምጃ ወደፊት ሆነ፣ ጥቁር ጠጠር ወደ ቀኝ መዞር፣ የእንስራ ገል ወደ ግራ መዞር፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ ደግሞ «እንቅፋት እስኪገጥምሽ ድገሚ» ሆነ። የቆረቆንዳውን ሐሳብ የሰረቀው ከእናቴ ነው፤ እሷ ስፌቷን ስትሰፋ «ሁለት ቀይ፣ አንድ ጥቁር፣ ድገሚ» እያለች ለራሷ ታጉተመትም ነበርና፣ ይማም አዳምጦ አዳምጦ «እማዬ ኮምፒዩተር ታውቃለች!» ብሎ ጮኸ። አዛዡ ጠጠሮቹን በተርታ ይደረድራል፣ ታዛዡ እያነበበ ይሄዳል፤ ግቢው ጫፍ ካለው የሎሚ ዛፍ ሥር የደረሰ ያሸንፋል። ሕጉ አንድ ነበር፤ ታዛዥ አያስብም፣ ጥፋቱ ሁሉ የአዛዥ ነው።

እኔ አዛዥ ስሆን ይማም ያን የሚያህል ጎረምሳ፣ ራሱን ዘቅዝቆ እርምጃውን እየቆጠረ፣ አንዲት ጠጠር ስላሳሳትኩ ብቻ የቁልቋሉ አጥር ውስጥ ዘው ብሎ ይገባ ነበር።

«ኧረ አንተ ልጅ ጤና የለህም ወይ?» ትላለች እናቴ እሾሁን እየነቀለችለት።

«እማዬ እኔ ምን ላድርግ፣ ያዘዘችኝ ዘይኑ ናት!»

ያስቸገሩን ዶሮዎቹ ነበሩ። ሣጥኑ ባዶ ነው ብዬ ያዘዝኩት ላይ ዶሮ ትመጣና ትተኛበታለች። ይማም ሁለት ቀን ሲያሰላስል ከረመና፣ መንገዱን አይቶ የሚወስን ትዕዛዝ ያስፈልገናል አለ፤ ለዚያም ከጠጠር የተለየ ነገር ፈልጎ እናቴን ባቄላ ጠየቃት። ክፉው ቀን ካለፈ ገና ዓመት አልሞላም፤ እናቴ እንደዚያ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም።

«በእህል አይጫወቱም! አምና ለአንዲት ፍሬ ምን እንደሆንን ረሳችሁት?»

ብዙ ከለመናት በኋላ አንዲት ብቻ ሰጠችው፣ ትልቅ፣ ጎኗ ጠቆር ያለ። ባቄላዋ ትርጉሟ «ቁሚና እዪ፤ ደህና ከሆነ ሂጂ፣ ካልሆነ ባለሽበት ቅሪ» ሆነ። በዚያው ቀን ቀይዋ ዶሮ ለቀም አድርጋት ስትሮጥ ይማም ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞሮ ከአፏ መንጭቆ አወጣት፤ እናቴ ሳትቀር ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ባቄላዋን የምጠብቀው እኔ ሆንኩ፤ በሻሼ ጫፍ ቋጥሬያት እውል ነበር። «ዶሮ እንዳትበላብሽ» ይለኝ ነበር በመጣ በሄደ ቁጥር።

መስከረም ጠብቶ፣ ጥቅምትና ኅዳር አዝመራው ሲሰበሰብ ጨዋታው እየከበደ ሄደ። «በአምስት ጠጠር ብቻ ሎሚው ጋ ድረሽ» ይለኛል፣ እኔ ቆረቆንዳውን የት እንደማገባ ስጨነቅ አምሽቼ መልሱን በሕልሜ አገኘዋለሁ። እንደዚያ ዘመን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ የምለውን ሁሉ የሚሰማኝ ሰው ነበረኝ።

ጥር ላይ አፈሳው መጣ። ለብሔራዊ ውትድርና ልጆች ከገበያ፣ ከመንገድ፣ ከሠርግ ቤት ይለቀሙ ጀመር፤ ይማምም አሥራ ሰባት ሞልቶት፣ ቁመቱ ደግሞ ከዕድሜው ቀድሞት ነበር። ስሙ ቀበሌ እንደተጻፈ የሰሙት መሪጌታ፣ ከሐይቁ ገዳም ወዲህ የሚኖሩ የአባታችን ወዳጅ፣ እቤታችን ድረስ መጡ። «የወዳጄ ልጅ ልጄ ነው፣ ድርቆሽ ቤቴ ይቀመጥ፤ እኔን ማንም አይፈትሸኝም» አሏት እናቴን። ይማም መሸሸጉን ቻለው፣ እናቴን ሳያይ ማደር ግን አልቻለም፤ በየምሽቱ ራቱን ከእኛ ጋር በልቶ መመለስ አለብኝ አለ። የሚመጣበትን ብልሃት ያሰበውም እሱ ነው።

በኛና በመሪጌታ ቤት መሐል አንድ ትልቅ ሾላ ነበር፤ ከሱ ወደኛ ቤት ሦስት መንገድ ይወርዳል። እኔ ከትምህርት ቤት መልስ የትኛው መንገድ ሰው እንደሌለበት አይቼ፣ ሾላው ሥር ጠጠሮቼን ደርድሬ እሄዳለሁ፤ የሚያይ ሰው ቢኖር የልጅ ጨዋታ ነው ብሎ ያልፈዋል። ይማም ወደ ማታ ወርዶ ያነባል፣ በታዘዘው ይመጣል። ከሁሉም ፊት ባቄላዋ ትቀመጣለች። እሷ ካለች፣ ይማም ከቤታችን ፊት ለፊት ካለው ሸንኮራ አገዳ ጫፍ ሳይወጣ ቆሞ አጥራችንን ያያል፤ የእናቴ ቢጫ ሻሽ ከተሰቀለ ደህና ነው፣ ከሌለ ሰው አለና ይመለሳል። ሲመጣ ባቄላዋን ይዞልኝ ይመጣና «ይኸው፣ ዶሮ አልበላቻትም» ብሎ በመዳፌ ያኖራታል። አራት ወር ሙሉ አንድ ቀን አልተሳሳትንም።

ግንቦት ላይ ረመዷን ገባ። እኔ አሥር ዓመት ሞልቶኝ ነበርና ካልጾምኩ ብዬ አለቀስኩ፤ እናቴ «ልጅ ነሽ፣ ግማሽ ቀን ይበቃሻል» ብትለኝ አሻፈረኝ አልኩ። ሦስቱን ቀን እንደምንም ጾምኩ። በአራተኛው ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር፣ ሾላው ሥር ስደርስ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል። የሻሼን ጫፍ ፈትቼ ባቄላዋን አወጣኋት። አፌ ውስጥ ላቆያት ብቻ ነበር፤ ምራቅ እንዲመጣልኝ። ትንሽ የሻሼ ላብ ጨው ጨው አላት። እየራሰች፣ እየለሰለሰች ሄደች፣ ቅርፊቷ ተላቀቀ፣ ከዚያ ጥርሴ ምን እንዳደረገ አላውቅም፣ ብቻ ዋጥኳት።

ያኔ ያለቀስኩት ለወንድሜ አልነበረም፤ ለጾሜ ነበር። ቤት ሮጬ ሌላ ባቄላ ማምጣት እችል ነበር፣ ግን እናቴ «የቀድሞዋስ?» ማለቷ አይቀርም። ስወጣ ሻሹ ተሰቅሎ አይቼዋለሁ፣ መንገዱም ባዶ ነው፣ አንድ ቀን ባቄላ ባይኖር ምን ይመጣል? ብዬ ነጩን፣ ጥቁሩን፣ ገሉን፣ ቆረቆንዳውን ደርድሬ ተመለስኩ።

ቤት ስደርስ ሻሹ የለም። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መሣሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ከአጥራችን ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። እናቴ እንዳየቻቸው ሻሹን አውርዳ፣ ሥራዋን በትክክል ሠርታ፣ ልጄ አይቶ ይመለሳል ብላ ተረጋግታ ስፌቷን ትሰፋለች። እኔ ወደ ሸንኮራ አገዳው ዞሬ ልሮጥ ስል አንደኛው ጠራኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ወዴት ነው? ነይ ውኃ አምጪልን።»

ታዘዝኩ። ሮጬ ባመልጥ፣ ብጮህ፣ ብወድቅ፣ ምናልባት ይሰማኝ ነበር፤ እኔ ግን ገብቼ በጣሳ ውኃ ቀድቼ ወጣሁ። የመግሪብ አዛን ማለት ሲጀምር ይማም ከሸንኮራ አገዳው ወጣ። ጫፉ ላይ አልቆመም፤ ቁምና እይ ያለው አልነበረም። ራሱን ዘቅዝቆ፣ ልክ ግቢያችን ውስጥ እንደሚያደርገው፣ እርምጃውን እየቆጠረ ቀጥ ብሎ መጣባቸው።

እናቴ የጮኸችውን ጩኸት አልጽፈውም። እጁን የኋሊት አስረው ሊያስነሱት ሲሉ ትልቁ ሰውዬ ጣሳውን ከእጄ ተቀብሎ «ቆይ፣ ያፍጥር» ብሎ አጠጣው። ወንድሜ ጾሙን የፈታው እኔ ለነሱ ባመጣሁት ውኃ ነው። ጠጥቶ ሲያበቃ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ፤ የተቆጣ መስሎኝ ነበር፣ እሱ ግን ሊያስቀኝ ነበር የፈለገው።

«ዘይኑ፣ ባቄላዋን ዶሮ በላችብን እንዴ?»

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

«አብሽሪ» አለኝ፣ ወሰዱት።

በክረምቱ አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ሠልጥኖ ወደ ሰሜን ሊሄድ ነው። ከሰላምታው ሥር መጀመሪያ ባቄላ፣ ቀጥሎ ከሾላው እስከ ቤታችን ያለውን መንገድ በጠጠር በጠጠር አድርጎ ሥሎታል። ደህና ከሆነ እመጣለሁ፣ ካልሆነ ባለሁበት እቀራለሁ ማለቱ ነው። እናቴ ደብዳቤውን ደጋግማ እያገላበጠች «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ስትለኝ «ሥዕል ነው» አልኳት። ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። ደርግ ወድቆ ወታደሩ ከሰሜን በእግሩ ሲጎርፍ እናቴ ከዋናው መንገድ ዳር ቆማ የእያንዳንዱን ፊት ታይ ነበር፤ እኔም አጠገቧ ቆሜ አይ ነበር። እስክትሞት ድረስ ቢጫውን ሻሽ በየማታው ትሰቅለው ነበር። «ልጄ ቸኩሎ ነው» ትል ነበር፣ «ጾም አድክሞት ሻሹን ማየት ረሳ።» የባቄላዋን ነገር አልነገርኳትም። ጥፋቱን እሱ ላይ ጥላ ወደ አላህ ሄደች።

አንድ ሼህ ጠይቄ አውቃለሁ፤ «ለአቅመ ሔዋን ላልደረሰች ልጅ ጾም አይጻፍባትም፣ ቀዷ ጾመሽ ማካካስ የለብሽም» አሉኝ። እኔ ግን ያቺን የፈረሰች ቀን በየዓመቱ እጾማታለሁ። ሀያት ታብሌቷን ይዛ ወጥ ቤት የመጣችብኝም በዚሁ ቀን፣ ወደ ማታ ነው።

«እማዬ፣ ይቺ ሮቦት ሞኝ ናት! ገደሉን እያየች ገባች።»

«ሞኝ አይደለችም፣ ታዛዥ ናት» አልኳት፣ እጄን ጠርጌ አጠገቧ ተቀመጥኩ። በተርታ የተደረደሩትን አየኋቸው። «ይኸው፣ ከፊት ቆማ የምታይበትን ትዕዛዝ ረስተሻል።»

ሀያት አንዴ ነካ ስታደርገው ሮቦቷ ከገደሉ ምንም ሳትሆን ወጥታ የተነሳችበት ቦታ ላይ ቆመች። ልጄ የጎደለውን ትዕዛዝ ከፊት አስገባችላት፤ ሮቦቷ ሄደች፣ ጫፉ ላይ ቆመች፣ አየች፣ ዞረች፣ ቤቷ ገባች። እኔ ያን ያህል ዓመት የለመንኩት ነገር ለሀያት በአንዲት ጣት ተደረገላት። አልቀናሁባትም፤ ብቻ ከእጇ ወስጄ ደግሜ ላየው ፈለግኩ።

«እንዴት አወቅሽ?» አለችኝ።

«ወንድሜ ነው ያስተማረኝ።»

«ወታደር የነበረው? ዶሮ ባቄላውን በላችበት ያልሽኝ?»

ውጭ የመግሪብ አዛን ይል ነበር። ውኃው ፊቴ ተቀድቶ ነበር፣ አልነካሁትም።

«ዶሮ አልበላቻትም» አልኳት።