ወፍራሙ ሽቦና ቀጭኑ ሽቦ

ከባለቤቴ ጋር ተለያይተን ዕቃ ስንካፈል ለእኔ የደረሱኝ አምፕሊፋየሩና ሁለቱ ስፒከሮች ነበሩ። ወደ ንፋስ መውጫ ከተማ በሥራ ተዛውሬ ስመጣ አልጋ እንኳ ሳልገዛ መጀመሪያ ቤት ያስገባሁት እነሱን ነው። የተከራየሁት አንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ ያለች አንድ ክፍል ነበረች። ከቢሮ ስመለስ የሚጠብቀኝ ስላልነበረ በሩን ዘግቼ ሙዚቃ እከፍታለሁ።

በኋላ በስልኬ፣ እንደኔ ሙዚቃ መስማት የሚወዱ ሰዎች የሚጻጻፉበት የቴሌግራም ቡድን አገኘሁ። ድምፅን የሚያበላሹት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው ይላሉ። ስፒከር መሬት ላይ ከተቀመጠ ይታፈናል፣ ሽቦው ወለል ከነካ ይደክማል። አመንኳቸው። ከወንዝ ዳር ለስላሳ ድንጋይ ለቅሜ ስፒከሮቹን አስቀመጥኩባቸው። ሽቦውን በእንጨት ቁራጭ ከወለሉ አነሳሁት። ድምፅ እንዳያስተጋባ ጋቢዬንም ግድግዳው ላይ ሰቅዬ የንፋስ መውጫን ብርድ በአንድ ብርድ ልብስ ቻልኩት። ያደረግኩትን ስጽፍላቸው «አሁን ገና መስማት ጀመርክ» ይሉኛል። ከሥራ ውጭ የሚያናግረኝ እነሱ ብቻ ነበሩ።

በመጨረሻ በቀድሞው ቀጭን ሽቦ ፋንታ ከአዲስ አበባ ወፍራም የመዳብ ሽቦ አስመጣሁ። የገጠምኩት ዕለት የዘፋኙ ትንፋሽ ሳይቀር የተሰማኝ መሰለኝ። ይህንኑ ስጽፍ ከቡድኑ አንዱ «እስቲ ሁለቱን ሽቦዎች ሌላ ሰው ይቀያይርልህና አንተ ሳታይ ለየው» አለኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ማንን እንደምጠራ አሰብኩ። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ቤቴ የገባ ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ ከሰዓት አከራዬን ለመንኳቸው። ነጠላቸውን እያስተካከሉ ገቡ። አምፕሊፋየሩን አጥፍተው አንዱን ሽቦ ነቅለው ሌላውን እንዴት እንደሚሰኩ አሳየኋቸውና ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ ተቀመጥኩ። ሙዚቃው ቆመ፤ ቆይቶ ቀጠለ።

«እሺ» አሉኝ።

«ይሄ ቀጭኑ ነው፤ ደፈን ብሏል።»

እንደገና ቆመና ቀጠለ።

«አሁን ወፍራሙ። እንዴት ጥርት እንዳለ ይሰማዎታል?»

ደጋግመን እንዲህ ካደረግን በኋላ ዞር አልኩ። ቀጭኑ ሽቦ ቀድሞ እንደተጠቀለለ ወለሉ ላይ ተቀምጧል።

«እማማ፣ አልቀየሩትም እንዴ?»

«ኤሌክትሪክ እፈራለሁ ልጄ። ማጥፊያውን ነበር ስጫነው የቆየሁት። እምቢ ብልህ ቅር ይልሃል ብዬ ነው።»

አፍሬ ሙዚቃውን ልዘጋ ስነሣ እጃቸውን ዘረጉ።

«ተወው፣ ይዝፈን» አሉ። «በግድግዳው በኩል እየሰማሁት ነው የማመሽ። አንተ ስትከፍተው ግቢው ሰው ያለበት ይመስለኛል።»

አልጋዬ ጠርዝ ላይ እስኪመሽ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የገብስ ቆሎ በሰሐን ይዘው ይመጡ ነበር። እኔም ለቡድኑ መጻፍ ተውኩ።

ክረምት ሲገባ የጉልበታቸው ሕመም ጠናባቸውና ልጃቸው ደብረ ታቦር ወሰደቻቸው። አንድ እሑድ በሚኒባስ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ክስት ብለዋል። ድምፄን ሲሰሙ ቀና አሉ።

«አገባህ?»

«ገና ነኝ እማማ።»

እጄን እንደያዙ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ልጃቸው ሻይ አቀረበችልኝ፤ ጠጥቼ፣ መኪና ሳያመልጠኝ ብዬ ቀስ ብዬ ወጣሁ።