በሲማዳዋ መበለት ቤት የሰነበትንባት ሳምንት

ሰኞ ንጋት፣ ንፋስ መውጫ

ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ዘመኑ የጃንሆይ፣ ወሩ ዐቢይ ጾም የገባበት ነው። አስተማሪ ነኝ፤ ወደ መካነ ኢየሱስ ተዛውሬ ልብሴንና መጻሕፍቴን በበቅሎ ጭኛለሁ። የመንገድ ጓደኛዬ እንድሪስ ይባላል፤ ዕድሜው ከኔ ብዙም የማይርቅ፣ ጨርቅ የሚነግድ ሙስሊም ነው። ሚስቱ መካነ ኢየሱስ ትጠብቀዋለች። የወገዳ ገበያ እንዳያመልጠው በሲማዳ በኩል እንዞራለን።

ማክሰኞ፣ ቁልቁለት

ጉና በስተቀኛችን፤ ከፊታችን የተፈረካከሰ ድንጋይ፣ ገደል፣ አጨዳው ያለቀ የገብስ ማሳ። ቆሎ እየቆረጠምን ወረድን። ከሰዓት በኋላ እንድሪስ ወደ ኋላ ቀረ። «ራሴን ፈለጠኝ» ብሎ በቅሎዋን ተደገፈ።

ረቡዕ፣ ከወገዳ ወዲህ ያለች መንደር

እንድሪስ በትኩሳት ነደደ፤ መቆምም አቃተው። የመንደሩ ጭቃ ሹም ከሩቅ ቆመው አዩት።

«ተስቦ ነው» አሉ። «ሁለት ልጆች በዚሁ ቀብሬአለሁ። ከዋርካው ሥር ይተኛ፤ እህል ውሃ እናቀብላለን። ቤት ግን ማንም እንዳያስገባው።»

ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈርተው ነው። እኔም ፈርቼ ነበር። በቅሎዬን ጭኜ ብቻዬን ልሄድ መጫኛውን እያጠበቅሁ ሳለሁ አንዲት ሴት መጡ። ወይዘሮ እማዋይሽ ይባላሉ፤ ባላቸው የሞተባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ።

«የፈርዖን ልጅ ሕፃኑ የዕብራውያን መሆኑን አውቃለች» አሉ ለጭቃ ሹሙ፣ ረጋ ብለው። «ይሙት ያለውም የገዛ አባቷ ነው። ሲያለቅስ ስታየው ግን አንጀቷ አልቻለም። የኔም አልቻለም፣ ጌታዬ። ቅጣት ካለው ይቅጡኝ።»

እንድሪስን ደግፈው ወደ ቤታቸው ወሰዱት። እኔ ከአጥሩ ውጭ ቀረሁ።

ሐሙስ፣ ከአጥሩ ውጭ

ጠዋት ወይዘሮ እማዋይሽ እንስራ ይዘው ወጡ።

«ሂድ አልልህም፣ ቅርም አልልህም፣ ልጄ። እኔ ግን እሱን ትቼ ምንጭ መውረድ አልችልም። ርብቃ ለማታውቀው መንገደኛ ግመሎች ሁሉ ቀድታለች። አንተ ለአንድ በሽተኛ ያቅትሃል?»

የቄስ ተማሪ ነበርኩ፤ የርብቃን ታሪክ ለሕፃናት ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ። ፊደል ያልቆጠሩ ሴት እንስራ ሲያሸክሙኝ ግን አፈርኩ። ምንጩ ዘንድ ሴቶቹ ወንድ ውሃ ሲቀዳ አይተው ሳቁብኝ። ቀድቼ ተመለስኩና ወደ ቤት ገባሁ።

እስከ ማክሰኞ፣ እዚያው ቤት

የእንድሪስን ጠጉር ላጩት፤ ልብሱን በአመድ ውሃ ቀቀሉ። እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፤ ለእሱ ወተት ያሞቃሉ። ከጎረቤት አዲስ ቅል አስመጡለት።

«የክርስቲያን ሥጋ ያልነካው ነው» አሉኝ። «ሲድን፣ በማልበላበት ዕቃ ነው ያበሉኝ ብሎ እንዳይከፋው።»

ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር፤ ለካ ርኅራኄ እንዲህም ያስባል።

እሑድ ትኩሳቱ ባሰ፤ እንድሪስ የሚስቱን ስም ሲጠራ ዋለ። ሰኞ በላብ ተጠምቆ ዓይኑን ገለጠና ውሃ ለመነ። ወይዘሮ እማዋይሽ ፊታቸውን አዙረው አለቀሱ። ማክሰኞ ጭቃ ሹሙ አንድ ስልቻ የገብስ ዱቄት አሸክመው መጡ። «እንዴት አደረ?» ብለው ደጅ ላይ ቆሙ፤ ከዚያም ገቡ።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ መካነ ኢየሱስ

እንድሪስን በበቅሎዬ አስቀምጬ፣ እኔ በእግሬ፣ አመሻሽ ላይ ደረስን። ሚስቱ ዘሃራ የተላጨውን ራሱን ዳብሳ ዳብሳ አልጠግብ አለች። አስተኝታው ወጣችና «ማን አስታመመው?» አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት።

«አንተስ?»

«የመጀመሪያውን ቀን ጥዬው ልሄድ ነበር» አልኳት። ልዋሻት አልቻልኩም።

ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ እግሬን የምታጠብበት ውሃ አቀረበችልኝ።

«ትንሽ ሲበረታ ሲማዳ እወርዳለሁ» አለች። «ጉልበታቸውን ሳልስም አልቀርም። መንገዱን ታሳየኛለህ?»

«አሳይሻለሁ» አልኳት።