የእትዬ ዘነበች ካዝናዎች

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ አሜሪካ፣ ባልድዊን ሂልስ፣ ከቤቴ ሦስት ቤት ዝቅ ብሎ፣ የአንድ ሟች ሽማግሌ ልጆች የአባታቸውን ዕቃ ግቢው ውስጥ ዘርግተው ይሸጡ ነበር። ለአበባ የሚሆን ማሰሮ አገኝ እንደሆን ብዬ ጎራ ስል ከአንድ የእንጨት ሳጥን ውስጥ የወጣ ሽታ እግሬን ያዘኝ። የግራሶ ሽታ ነው፤ ግን የመኪና ግራሶ አይደለም፤ ብረት ለብዙ ዓመት እንዳይዝግ የሚቀባው፣ ሲቆይ እንደ ሰም የሚደርቀው፣ ትንሽ የሚጣፍጥ ትንሽ የሚያንቅ ሽታ ያለው ቡናማ ግራሶ ነው። እጄን ሰድጄ አወጣሁት። የሟቹ ልጅ፣ ፀጉሩ የሸበተ ትሑት ሰው፣ ምንነቱን እንደማያውቅ፣ ምናልባት የድሮ ስቴፕለር ቁራጭ ሳይሆን እንደማይቀር ነገረኝ። እኔ ግን በደንብ ሳላየው መዳፌ ለይቶት ነበር፤ የእንግሊዝ ጠብመንጃ ካዝና፣ ባለ አሥር ጥይት። በአውራ ጣቴ ጥይቱ የሚያርፍበትን ሳህን ጫን ሳደርገው ሞላው አሁንም ይመልሳል። ሰውየው ዓይኑ ፈጦ ከየት እንደተማርኩት ጠየቀኝ፤ ከልጅነት ጎረቤቴ ነው አልኩት።

ካዝና የምለው ጠብመንጃ ሆድ ውስጥ ገብቶ ጥይት የሚያቀብለውን የቆርቆሮ ቤት ነው። አንባቢ የገንዘብ ማስቀመጫውን ካዝና ቢያስብ አይፈረድበትም፤ እኛም ሰፈር ሰዉ ሁሉ መጀመሪያ ያሰበው እሱኑ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ቤታቸው ውስጥ አርባ ካዝና አላቸው የሚል ወሬ የሰፈራችንን መንገድ ፌርፋክስን ከዳር እስከ ዳር ካዳረሰው በኋላ፣ ድሮ ሰላም የማይሏቸው ሴቶች ሳይቀሩ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ እጃቸውን ይዘው ስለ ጤናቸው ይጠይቋቸው ጀመር። እሳቸውም ነገሩ ቶሎ ስላልገባቸው የሰው ጠባይ ተሻሽሏል ብለው አንድ ሁለት ወር ያህል ተደስተው ነበር።

ያን ጊዜ ሰፈራችን ሊትል ኢትዮጵያ የሚለው ስም ገና አልወጣለትም። ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ጀርባ ባለች፣ ቀለሟ በተላላጠ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት፣ እኛ ላይ እሳቸው ታች እንኖር ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን በጫማ ክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሴት ነበሩ። ቀን ቀን አንድ የሕንፃ ፓርኪንግ ውስጥ፣ በመስታወት ሳጥን ተቀምጠው ቲኬት ይቆርጣሉ። አገር ቤት ሳሉ ደግሞ ወታደር ሳይሆኑ፣ በሲቪልነት፣ በጦር ሠራዊቱ የመሣሪያ ግምጃ ቤት የካዝና ክፍል ኃላፊ ሆነው አሥራ አንድ ዓመት ሠርተዋል። በሕይወታቸው አንድ ጥይት ተኩሰው አያውቁም። ጠብመንጃ ቤታቸው እንዲገባም አይፈልጉም።

አባቴ ታክሲ ነጂ ነበር፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አሮጌ የጦር መሣሪያ ወደሚሸጥበት ትልቅ አዳራሽ እሳቸውንም እኔንም ይዞን ይሄዳል። ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ፣ ክንዳቸው የተነቀሰ ሻጮች በተኮለኮሉበት መሐል እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር ወትፈው፣ ጎመን እንደሚመርጥ ሰው ተረጋግተው ይዘዋወራሉ። መጀመሪያ መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ይመዝናሉ። ከዚያ በጥፍራቸው የጀርባውን ብየዳ ከላይ እስከ ታች ይዳስሳሉ፣ ያሸታሉ፣ በመጨረሻ ጆሯቸው አጠገብ ወስደው ሳህኑን ጫን ያደርጉና የሞላውን ድምፅ ያዳምጣሉ። የካርቢን፣ የአጭሩ ጠብመንጃ፣ ከሆነ ጀርባው ላይ የታተሙትን ጥቃቅን ፊደላት ፈልገው የትኛው ፋብሪካ እንደሠራው ይነግሩኛል። ኤም ፎርቲን የሚባለው የአሜሪካን ጠብመንጃና ቢኤም የሚባለው የጣሊያን ግን ካዝናቸው መንትያ ነው፤ ስንቱ ሰብሳቢ የተሸወደው በነሱ ነው። የሚለዩት ከፊት በኩል ጠብመንጃው ላይ በሚነክሱበት ቦታ ነው፤ እትዬ ዘነበች ያችን ቦታ ዓይናቸውን ጨፍነው በአመልካች ጣታቸው ብቻ ያውቋታል።

አንድ እሑድ፣ ከሻጮቹ ሁሉ አዋቂ ነኝ የሚል ባለ ባርኔጣ ሽማግሌ አሜሪካን ብሎ የለጠፈበትን ካዝና አንሥተው ጣታቸውን ሰደድ አደረጉና፣ «ኖ ሰር፣ ዚስ ኢዝ ኢታሊ» አሉት። ሰውየው በትዕግሥት ፈገግ አለ። እሳቸውም በትዕግሥት ፈገግ ብለው ቆሙ። መጨረሻ ላይ ከጠረጴዛው ሥር ወፍራም መጽሐፍ አወጣና አገላብጦ አገላብጦ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ወዲህ ማንነቱ ያልታወቀ ብረት ሁሉ በአንድ ካርቶን ተጠራቅሞ ይጠብቃቸው ጀመር፤ በአዳራሹ ውስጥ ስማቸው ‹ማዳም› ሆነ። እኔ በዚያ ዕድሜዬ አስተማሪዬን ብዙም አላደንቅም፣ ዘፋኝም አላደንቅም፤ እትዬ ዘነበችን ግን አመልካቸው ነበር ብል ማጋነን አይደለም።

አባቴ እየነዳ ከኋላ በመስታወት አይቷቸው «እትዬ፣ ካዝናው ተሟልቷል፣ አሁን የቀረው ጠብመንጃው ነው» እያለ ያበሽቃቸዋል። እሳቸው ግን አይበሽቁም። ጠብመንጃ ባለቤት አያጣም፣ ካዝና ነው የሚጠፋው ይሉት ነበር። ወታደሩ ከዘመቻ ሲመለስ ጠብመንጃውን ይዞ ይመጣል፣ ካዝናውን ግን ወንዝ ዳር ጥሎ ይመጣል፤ ማታ ያንን የሚጠየቁት እሳቸው ነበሩ። ስለዚህ የጠፋ ካዝና ባገኙ ቁጥር፣ የየትም አገር ይሁን፣ የተሰወረ ሰው የተገኘ ያህል ደስ ይላቸዋል። እቤት ወስደው በጋዝ ያጥቡታል፣ ጎዶሎ ካልሲ ያለብሱታል፣ እኔም በካርቶን ቁራጭ ላይ ስሙን ጽፌ አስርለታለሁ።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ የሲቲዝንሺፕ ፎርማቸውን የሞላሁትም እኔ ነኝ። ደሴ ያሉትን እናታቸውን ማምጣት የሚችሉት ዜግነቱ ሲሰጣቸው ብቻ ነበርና ያ ወረቀት ለእሳቸው ሁሉ ነገር ነበር። አልጋ ገዝተው፣ አንሶላ አንጥፈው፣ የእናታቸውን ከዘራ የሚያስደግፉበት ቦታ ሳይቀር አዘጋጅተው ነው የሚጠብቁት። ከፎርሙ ጋር በሚያያዝ አንድ ገጽ ላይ ወደ አሜሪካ ከመምጣትዎ በፊት የመጨረሻ ሥራዎ ምን ነበር የሚል ጥያቄ ነበረ። እኔም በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ ተማምኜ፣ ግምጃ ቤቱን ምን እንደምለው ስለጨነቀኝ፣ ‹ማጋዚን ኪፐር›፣ ካዝና ጠባቂ ማለቴ ነው፣ ብዬ በሚያምር ፊደል ጻፍኩት። ካዝና በእንግሊዝኛ ማጋዚን ነው፤ አልተሳሳትኩም። መጽሔትም ማጋዚን እንደሆነ ደግሞ አውቃለሁ። ሁለቱን ማገናኘቱ ብቻ ነው ያልመጣልኝ።

ለኢንተርቪው አባቴና እኔ አድርሰናቸው መኪና ውስጥ ጠበቅን። ሲወጡ ረጋ ብለው ገቡ፣ ቀበቷቸውን አሰሩ፣ ከዚያ ነው የነገሩን። ጠያቂው ወጣት ፈገግተኛ ነበር። ወረቀቱን አየና ላይብረሪ ውስጥ ነው የሠሩት አላቸው። እሳቸውም ‹የስ፣ ማጋዚን› አሉት። እሱም ማንበብ እንደሚወድ ነግሯቸው የፋሽን መጽሔት ነው የዜና ሲላቸው ነገሩ ገባቸው። የማጽደቂያው ማኅተም እጁ ላይ ነበር። እትዬ ዘነበች እስክሪብቶውን ለመኑትና በወረቀት ላይ ካዝና ሣሉለት፤ ከጎን በኩል፣ ከነሞላው፣ ከነሳህኑ፣ ከላዩ አንዲት ጥይት አስተኝተው። ሰውየው ሥዕሉን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ይቅርታ ጠይቆ ወጣና ከሌላ ሰው ጋር ተመለሰ። የጦር መሣሪያ ሥራ ነበርና ፋይሉ ለተጨማሪ ማጣራት ይቆያል ተባለ።

አባቴ ሞተሩን አጠፋው። «እትዬ፣ በእመቤታችን፣ ሰውየው ራሱ ነው ሚስአንደርስታንድ ያደረገው። ዝም ቢሉ ምን ነበረበት?»

«ፈርሜበታለሁ እኮ» አሉት።

«ቢፈርሙስ? ማን ሊያውቅ?»

«እንግዲህ እኔ ባልቆጠርኩት ዕቃ ላይ ፈርሜ አላውቅም። አሥራ አንድ ዓመት ያልፈረምኩትን ዛሬ ልፈርም?»

አባቴ ሞተሩን መልሶ አስነሣው። የኦሎምፒክን ጎዳና ይዘን ቤት እስክንገባ ድረስ እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ጥፍሬን እየበላሁ፣ ያቺን አንዲት ቃል የጻፈችውን እጄን እጠላት ነበር።

ማጣራቱ አንድ ዓመት ከምናምን ወሰደ። እናታቸው በአሥረኛው ወር ደሴ ላይ ዐረፉ። መርዶው የተነገረው በማለዳ ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ታች ቤት ገባ፣ እኔ ግን ደረጃው ላይ ተቀምጬ መውረድ አቃተኝ። ገዳያቸው እኔ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ግድም እትዬ ዘነበች ጥቁር ሻሻቸውን እንዳሰሩ ራሳቸው ወጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ዓይናቸው አብጧል። እጄን ወስደው ጉልበታቸው ላይ አደረጉትና፣ ወጣቱ ጠያቂ ፎርሙን ማን ጻፈው ብሎ እንደጠየቃቸው፣ የጎረቤት ልጅ ናት ሲሉት ፊደሉ ያምራል እንዳላቸው፣ ያንን ሳይነግሩኝ እንደቆዩ ነገሩኝ። ከዚያ ለቅሶ ቤቱ ውኃ አልቋልና ነይ እናምጣ ብለው አስነሡኝ።

ዜግነቱ በኋላ መጣ፤ ሲምሉ አብሬ ነበርኩ። ለእናታቸው በተገዛው አልጋ ላይ እናቴ ማታ ማታ ሥራ ስትገባ እኔ እተኛ ነበር። እትዬ ዘነበች ራሳቸው ከሞቱ ይኸው ሰባት ዓመት ሆናቸው፤ ካዝናዎቻቸውን በኑዛዜያቸው መሠረት የባለ ባርኔጣው ሽማግሌ ልጅ ከነካልሲያቸው ወሰዳቸው። ስለ እሳቸው ሳወራ የሚሰማኝ ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የለም ይለኛል፤ እኔም አዎን የለም እላለሁ። በስልኬ ላይ ሳላነብ በቀን አሥር ጊዜ እስማማለሁ የምል፣ በሥራ ቦታዬ ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ የምፈርም ሰው ነኝና ሌላ መልስ የለኝም። ግን እሳቸውን አጥቻለሁ ስል ከሁሉ የሚያመኝ ሌላ ነው። እናቴ አሁን ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው። ያን የኢንተርቪው ቀን በጠያቂው ፊት የተቀመጥኩት እኔ ብሆን፣ ደሴ የምትጠብቀኝም እሷ ብትሆን፣ የዜና መጽሔት ነው ብዬ ራሴን ነቅንቄ እወጣ ነበር።