ለጎረቤቴ የተረጎምኩት የጠፈር ድራማ

በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ትልቁ ገበያ፣ ጁባ ታውን ውስጥ ተኩስ የተሰማ ዕለት፣ ማንጋቴን ሰፈር በሚገኘው ቤቴ ከአንድ ጎረቤቴ ጋር በር ዘግተን ተቀምጠን ነበር። ጎረቤቴ በዚያው ገበያ ዱቄትና ዘይት በጅምላ የሚያከፋፍል ያገሬ ሰው ነው። ሱቁ እንዳይዘረፍበት ስለሰጋ በየጥቂቱ እየተነሳ መቀርቀሪያውን ይይዛል። ከወጣ አይመለስም ብዬ ፈራሁ።

በእነዚያ ወራት፣ ለረጅም ዓመታት በቴሌቪዥን ከታየ የሳይንስ ልብ ወለድ ተከታታይ የተሠሩ የእንግሊዝኛ የድምፅ ድራማዎችን በስልኬ አዳምጥ ነበር። እንዲቀመጥልኝ ብዬ ማዳመጫውን በጆሮዬ ሰክቼ የምሰማውን በአማርኛ እነግረው ጀመር። ታሪኩ፣ በትክክል አስታውሼው ከሆነ፣ በሩ አልከፈት ባለ መንኮራኩር ውስጥ ስለቀሩ ሰዎች ነበር።

«ጋሼ፣ እነዚህም እንደኛው ናቸዋ!» አለና ተቀመጠ።

ብዙም ሳይቆይ የስልኬ ባትሪ አለቀ፤ መብራትም አልነበረም። ማዳመጫውን ግን አላወጣሁም። የሚናገር ሰው እንዳለ ሁሉ ቆም እያልኩ፣ ራሴን እየነቀነቅኩ መተርጎሜን ቀጠልኩ። ከትረካው የትኛው የድራማው፣ የትኛው የእኔ እንደነበረ ዛሬ ለይቼ መናገር አልችልም። ተኩሱ ሲበረታ ጎረቤቴ እንደገና ተነሳ፤ እኔም ቸኩዬ የመንኮራኩሩን ካፒቴን በጽኑ አሳመምኩት።

«ስልክዎ ከጠፋ እኮ ቆየ፣ ጋሼ» አለኝ፣ እጁን ከመቀርቀሪያው ሳያነሳ።

ማዳመጫውን ከጆሮዬ አወጣሁ። እሱ ግን ተመልሶ ተቀመጠ።

«ሱቁን አላህ ይጠብቀው። ይልቅ ሰውየው ይድናል ወይስ ይሞታል?»

«እኔም ገና አላወቅሁም» አልኩት።